ከመንጋው ተለይታ የቆመችው ላም

ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የእንስሳት ጤና መሥሪያ ቤት የስልክ መተግበሪያ ስንሠራ የበሽታ ምልክቶቹን ዝርዝር ያዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ። ተቅማጥ፣ ሳል፣ የአፍ ቁስል፣ እንባ፣ ማነከስ፣ ሞት። ሪፖርት የሚልከው ሰው አንዱን ይነካል፣ ቁጥር ያስገባል፣ አለቀ። መጨረሻ ላይ «ሌላ» የሚል ነጻ መጻፊያ ነበረ። ሰዉ የመሰለውን እየጻፈ ዳታዬን አበላሸብኝና በሁለተኛው ወር አጠፋሁት። ማንም አላዘዘኝም።

ፕሮጀክቱ ካለቀ በኋላ አንድ ማታ የድሮውን ፋይል ከፍቼ እዚያ ሳጥን ውስጥ የተጻፈውን አነበብኩ። «ዛሬ ጠዋት ከመንጋው ተለይታ ቆመች።» «አታመሰኳም።» «ጆሮዋን ጥላለች፣ ጥጃዋን አታስጠጋም።» ከአንዱ ቀበሌ እንዲህ ተብሎ በተላከ በዘጠነኛው ቀን ከዚያው ቀበሌ ሌላ ሪፖርት አለ፦ ሞት፣ 4። ይሄኛው ዳታ በጣም ንጹሕ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለ አንድ በሽታ ሳነብ ከረምኩ። በአማርኛ «ደስታ» ይባላል፤ ምፀቱን ለእናንተ ልተወው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው።) በአውሮፓ ከብት እየፈጀ መንግሥታትን ስላስጨነቀ፣ በ1761 ክሎድ ቡርዥላ የተባለ ፈረንሳዊ በሊዮን ከተማ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ለመክፈት ከንጉሡ ፈቃድ ሲያገኝ አንዱ ትልቅ ምክንያት ይኸው በሽታ ነበር። ሰውዬው ፈረስ ግልቢያ ያስተምር የነበረ ሰው ነው። እንስሳ ዓይን ዓይኑን ሲያይ የኖረ ሰው ማለት ነው።

በእኛ አገር ታሪኩን የምናውቀው ክፉ ቀን ብለን ነው፤ ከ1888 እስከ 1892። የጣሊያን ጦር በምፅዋ በኩል ለቀለቡ ያስገባቸው ከብቶች ይዘውት እንደመጡ ነው በብዛት የሚጻፈው። ከአገሩ ከብት ከአሥሩ ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ሲያልቅ እርሻው ቆመ። ድርቁና አንበጣው ተጨመረበት፤ ከሕዝቡ ሲሶው አለቀ የሚሉ አሉ። አፄ ምኒልክ ሰዉ በእጁ ቆፍሮ እንዲዘራ ለማበረታታት ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸው ተጽፏል።

አሁን ወደ ላሟ ልመለስ። ደስታ የያዛት ላም መጀመሪያ የሚመጣባት ትኩሳት ነው። አፏ ውስጥ ቁስል የሚወጣው ከቀናት በኋላ ነው፣ ተቅማጡ ደግሞ ከዚያም በኋላ። በእነዚያ መጀመሪያ ቀናት ሐኪም አፏን ከፍቶ ቢያይ ምንም ላያገኝ ይችላል፤ እሷ ግን በሽታውን ለሌላው ማስተላለፍ ጀምራለች። በዚያን ጊዜ በይበልጥ የሚታየው ነገር ጠባይዋ ነው። ትደበዝዛለች፣ ሣር ትተዋለች፣ ማመስኳት ታቆማለች። ማለትም እኔ ያጠፋሁት ሳጥን ውስጥ የነበረው ነገር።

ሌላም ጣጣ አለ። ከብት በተፈጥሮው የሚታደን እንስሳ ነው፤ ድካሙን በአውሬ ፊት ማሳየት አያዋጣውም። እንግዳ ሰው ነጭ ጋዋን ለብሶ ሲመጣ ደንግጣ ቀና ትላለች፣ ጆሮዋን ታቆማለች፣ ጤነኛ ትመስላለች። ሰውዬው ሲሄድ ተመልሳ ትጎብጣለች። ይህን የሚያየው አብሯት የሚውለው እረኛ ብቻ ነው።

ሳይንሱ በዚህ ነገር ላይ ዘግይቷል። ኮንራድ ሎሬንዝ፣ ኒኮ ቲንበርገንና ካርል ፎን ፍሪሽ የእንስሳትን ጠባይ በማጥናታቸው የኖቤል ሽልማት ያገኙት በ1973 ነው፤ ሽልማቱም በሕክምና ዘርፍ ነበር። በ1988 ደግሞ፣ ክፉ ቀን በጀመረ ልክ በመቶኛው ዓመት (አጋጣሚ ነው፣ ግን አስተዋልኩት)፣ ቤንጃሚን ሃርት የተባለ አሜሪካዊ የእንስሳት ሐኪም አንድ ጽሑፍ አወጣ። የታመመ እንስሳ መተኛቱ፣ መብላት ማቆሙ፣ ራሱን መላስ መተዉ ዝም ብሎ መዳከም አይደለም አለ። ሰውነቱ ጉልበቱን ቆጥቦ ትኩሳቱን ለመደገፍ የሚያደርገው የተደራጀ ነገር ነው። እኔ እንደ ስህተት መልእክት ቆጥሬው የነበረው ለካ ፕሮግራሙ ሲሠራ የሚታየው ነው።

በሽታው እንዴት እንደጠፋ ሳነብ ነው ይበልጥ የተገረምኩት። ዋልተር ፕሎራይት ኬንያ ውስጥ ጥሩ ክትባት ሠርቶ ነበር፤ ግን ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። በ1960ዎቹና 70ዎቹ የተደረገው ትልቅ ዘመቻ በሽታውን ሊያጠፋው ተቃርቦ፣ ሐኪም በማይደርስባቸው ቦታዎች ተደብቆ ቆየና ተመለሰ። አፋር አንዱ መደበቂያ ነበር። ቆይቶ ጄፍሪ ማሪነርና ባልደረቦቹ ያለ ማቀዝቀዣ ለሳምንታት የሚቆይ ክትባት አመጡ። በ1990ዎቹ አፋር ውስጥ መርፌውን የያዙት ሠልጥነው የመጡ የአካባቢው አርብቶ አደሮች ናቸው። ከብቱ የሚያውቃቸው፣ ከብቱን የሚያውቁ።

ከዚያ ደግሞ ፍለጋ። በሽታው የት እንደቀረ ለማወቅ ባለሙያዎቹ ሽማግሌዎች ጋ ሄደው የበሽታውን ስም ሳያነሱ ይጠይቁ ነበር፦ ከብታችሁ በምን በምን ታሞ ያውቃል? ምን ይመስል ነበር? ስሙን ካነሳህ መልሱን አንተው ሰጠኸው ማለት ነው። በምሥራቅ አፍሪካ የቀረው ዝርያ ደግሞ ቀለል ያለ፣ ብዙ ከብት የማይገድል ስለነበር ከሪፖርት ያመልጥ ነበር፤ ከሽማግሌው ግን አያመልጥም። የመጨረሻው የተረጋገጠ በሽታ በ2001 ኬንያ ውስጥ በጎሽ ላይ ታየ። በ2011 ከምድር ጠፋ ተብሎ ታወጀ። ከፈንጣጣ በኋላ ሰው ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው።

እነሱ ነጻ መጻፊያውን ከፍተው በሽታ አጠፉ፤ እኔ ዝርዝሬ እንዲያምር ዘጋሁት።

ለመሥሪያ ቤቱ ጽፌ ነበር፣ እስካሁን አልመለሱልኝም። በራሴ ላፕቶፕ ላይ ግን አንድ ሙከራ ሠርቻለሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ የምልክት ዝርዝር አይደለም፦ «ዛሬ ከወትሮው ምን ለየባት?» ይላል፤ በጽሑፍም በድምፅም ይቀበላል። እንዲሞክርልኝ ገጠር ላለው አጎቴ ላክሁለት። ትናንት ማታ የመጀመሪያው መልእክት ገባ፣ አራት ሰከንድ ድምፅ፦ «ቦራ ዛሬ ፊቷ ልክ አይደለም።»

በምን እንደምመድበው ገና አላወቅሁም። ደውዬለት በጠዋት ሄዶ እንዲያያት ተነጋግረናል።