የጨረቃ ገጽታዎች ትምህርት
የጨረቃ ገጽታዎች ትምህርት ጨረቃ በ29.5 ቀን ገደማ የምታሳየውን የመልክ ለውጥ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ያስረዳል። ዋናው እንቅፋት ብዙዎች፣ አዋቂዎችም ጭምር፣ ጨረቃን የሚያጎድላት የምድር ጥላ ነው ብለው ማመናቸው ነው። ጥላው የሚያርፍባት ግን በጨረቃ ግርዶሽ ብቻ ነው፤ ሁልጊዜ የሚለዋወጠው በፀሐይ ከበራው ግማሿ ለእኛ የሚታየን ድርሻ ነው። ይህን በቃል ብቻ ማስተማር ከንቱ ድካም ነው። ይልቁንም በጨለመ ክፍል እንደ ፀሐይ አምፖል ይበራል፤ ተማሪው እንደ ጨረቃ ኳስ ከራሱ ከፍ አድርጎ ይዞ በቀስታ ይዞራል፣ ጭንቅላቱም ምድርን ይወክላል። ኳሱ ዝቅ ካለ የልጁ ጥላ ያርፍበትና የተሳሳተውን እምነት ያጠናክራል። ሰማዩን ለአንድ ወር እያዩ በደብተር መሳል ከዚህም ይበልጣል። ለምድር ወገብ በቀረበችው ኢትዮጵያ ቀጭኗ ጨረቃ ብዙ ጊዜ ቀንዶቿን ወደ ላይ አድርጋ ስለምትታይ፣ ቀጥ ብላ የቆመችበት የውጭ መጽሐፍ ሥዕል ልጆቹን ያደናግራል።