በአንድ ውኃ ውስጥ አብረው ስለሚኖሩ ዓሦች ታሪክ

እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ለዚህ የበዓል መጽሔት ያዘጋጀነው ታሪክ መነሻው አንድ የመስታወት ዕቃ ነው። አንድ ጓደኛችን በዕረፍት ጊዜው ከአዲስ አበባ ሁለት ዓሦች ገዝቶ አመጣ። ቤታ ወይም የሲያም ተዋጊ ዓሣ የሚባሉት ናቸው። ሁለቱም ወንዶች ሲሆኑ አንዱ ቀይ፣ ሁለተኛው ሰማያዊ ነበረ። አብረው ቢታዩ ይበልጥ ያምራሉ ብለን በአንድ ዕቃ ጨመርናቸው። ሲነጋ ሰማያዊው ክንፉ ተቦጫጭቆ በውኃው ላይ ተንጋሎ አገኘነው። ጥፋቱ የዓሣው ሳይሆን የእኛ ነው።

ከመካከላችን አንዳንዶቹ የተረፈውን ወደ ዘንገና እንልቀቀው አሉ። ዘንገና እሳተ ገሞራ የፈጠረው ክብ ሐይቅ መሆኑን፣ ጥልቀቱም እስከ 166 ሜትር እንደሚደርስ ያገራችን ሰው ሁሉ ይኮራበታል፤ ስለዚህ ቦታ አይጠበውም ማለታቸው ነው። መምህራችን ግን ይህ ዓሣ የቆላ ሙቅ ውኃ ፍጥረት ስለ ሆነ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው የደጋ ውኃ እንደማይኖር፣ ቢኖርም ባዕድ ዓሣ በሐይቅ መልቀቅ ትልቅ ስሕተት እንደ ሆነ አስረዱን። እኛም ሐሳቡን ትተን ታሪኩን መመርመር ጀመርን። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሲያም አገር ዛሬ ታይላንድ የምትባለው ናት። በዚያ ሰዎች እነዚህን ዓሦች እያዋጉ ይወራረዱ ነበር። ቴዎዶር ካንቶር የተባለው ሐኪም ከሲያም ንጉሥ የተገኙ ዓሦች እጁ ገብተው በ1849 ስለ እነርሱ ጻፈ፤ ነገር ግን የሰጣቸው ስም የሌላ ዓሣ ስም ሆኖ ተገኘ። እንግሊዛዊው ሬገን በ1910 ስሕተቱን አርሞ ዛሬ የሚታወቁበትን ስም አወጣላቸው። በተፈጥሮ ቦታቸው፣ በሩዝ ማሳና በረግረግ፣ የተሸነፈው በሣር መካከል ይሸሻል፤ ጠቡም በዚያው ያበቃል። በመስታወት ውስጥ ግን መሸሻ የለም። ሴቶቹን በሰፊ ገንዳ፣ መደበቂያ ቅጠል እየጨመሩ አብረው የሚያኖሩ አሉ፤ እነርሱም ቢሆኑ ሁልጊዜ አይስማሙም። ወንዱ ግን ለብቻው ነው።

ታዲያ በአንድ ውኃ ብዙ ዘመዳሞች እንዴት ይኖራሉ? መልሱን ያገኘነው ሩቅ ሳንሄድ ነው። የአዊ ደጋ ዝናብ ከፊሉ በግልገል ዓባይ በኩል ጣና ይገባል። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር እምብዛም አያልፍም። ዘንገና ከዐሥር ጊዜ በላይ ይጠልቀዋል ማለት ነው፤ ይህን ስናውቅ ደስ አለን። ጢስ ዓባይ 40 ሜትር ያህል ቁልቁል ስለሚወርድ ከታች ያለው ዓሣ ወደ ሐይቁ ሊወጣ አይችልም። ስለዚህ በሐይቁ የቀሩት፣ ዓሣ አጥማጆች ነጭ ዓሣ የሚሏቸው፣ ለብቻቸው ተዋልደው በብዙ ዓይነት ተከፋፈሉ።

ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ አገራችንን ጎብኝቶ ሲመለስ እነዚህን ዓሦች ለይቶ ጻፈ፤ ከሰጣቸው ስሞች ውስጥ ነድጊያ፣ ሱርኪስና ጎርጓሪ የሚሉት ይገኛሉ። ከእርሱም በኋላ ሌሎች ስም ጨመሩ። ነገሩ ስለ በዛ ባኒስተር የተባለው ሊቅ በ1973 ሁሉም መልኩ የሚለዋወጥ አንድ ዓሣ ነው ብሎ በአንድ ስም ጠቀለላቸው። ፍርዱ ለሃያ ዓመት ያህል ጸና። ሊቅ ቢሆንም ዓሣ አጥማጅ አጠገቡ ቢኖር ኖሮ ይህን ባልፈረደ ነበር ብለን እናስባለን፤ ይህ የእኛ አስተያየት ነው። በ1990ዎቹ ናገልኬርኬና ሲቢንግ የተባሉ የሆላንድ ሰዎች በሐይቁ ላይ ብዙ ጊዜ ቆይተው የአፋቸውን ቅርጽና የሆዳቸውን ምግብ መርምረው 15 ዓይነት መሆናቸውን አስረዱ። ሱርኪስ የውኃ ቅጠል ይበላል፤ ሌላው ቀንድ አውጣ ይሰብራል፤ ሌላው በዓይን የማይታዩትን ጥቃቅን ነፍሳት ያጣራል። ስምንቱ ግን፣ ጎርጓሪም ጭምር፣ ዓሣ በሎች ናቸው። እንግዲህ በላተኛውና ተበይው በአንድ ውኃ የኖሩት ተዋደው አይደለም። ምግባቸውና ቦታቸው ስለ ተለየ፣ የሚያመልጠውም የሚሸሽበት ስላለው ነው።

ሰባት ያህሉ በክረምት እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ መገጭ ወንዞች ይወጣሉ፤ ለዚህም በወንዞቹ አፍ ይሰበሰባሉ። በታንኳ ብቻ ይጠመድ በነበረበት ዘመን ይህ ጉዳቱ ትንሽ ነበር። ከ1986 ጀምሮ የሞተር ጀልባና ረጅም መረብ ገባ። ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ የእነዚህ ዓሦች ቍጥር በ75 ከመቶ፣ የግልገሎቹም በ90 ከመቶ ያህል መቀነሱ ታወቀ። በወንዝ አፍ የተዘረጋ መረብ ከጓደኛችን መስታወት ምን ይለያል? ዓሣው በዚያ ቀን፣ በዚያ ስፍራ፣ መሸሻ የለውም። ሁሉንም አንድ ነው ብለን ብንቈጥር ኖሮ ደግሞ ከ15ቱ አንዱ ቢጠፋ የሚያውቅለት አይኖርም ነበር።

ቀዩ ዓሣ እስካሁን በክፍላችን መስኮት ላይ ብቻውን አለ። መስታወት ሲያሳዩት ክንፉን ይዘረጋል፤ ከታናናሾቹ ተማሪዎች አንዳንዶቹ ይህን ለጨዋታ ስለሚያደርጉት መስታወቱን ወስደን ደብቀናል።