የቀብር አስፈጻሚው ስልክ እና የጉግል ካርታ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአሜሪካዋ ካንሳስ ሲቲ አልሞን ስትሮውጀር የሚባል ቀብር አስፈጻሚ ነበር። በዚያ ዘመን ስልክ የሚደውል ሰው ቁጥር አይመታም። «ከእገሌ አገናኚኝ» ይላል፤ ኦፕሬተሯ በእጇ ገመድ ሰክታ ታገናኘዋለች።

ሲነገር የኖረው ታሪክ እንዲህ ነው። ከኦፕሬተሮቹ አንዷ የተፎካካሪው ሚስት ነበረች። ሐዘንተኛ ስትሮውጀርን ፈልጎ ሲደውል ጥሪውን ወደ ባሏ ትመራዋለች። ሰውየው ሥራው ሳይበላሽ፣ ዋጋው ሳይወደድ ገበያው ራቀው። መፍትሔው ኦፕሬተሯን ከመሃል ማውጣት ሆነ። ያለ ሰው እጅ የሚያገናኝ መሣሪያ ፈጠረ፤ በ1891 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን አስከበረ። በቀጣዩ ዓመት በኢንዲያና ግዛት፣ ላፖርት ከተማ ሥራ ጀመረ።

ስትሮውጀር የተረዳው ነገር ዛሬም አልተለወጠም። በነጋዴና በደንበኛ መካከል መንገድ የሚያሳይ አካል አለ። ያ አካል ከተሳሳተ ሱቁ ክፍት ሆኖም ዝግ ነው።

ከመንገድ አሳዮቹ ቀዳሚው ወረቀት ነበር። በ1878 በኒው ሄቨን የወጣው የስልክ ማውጫ አንዲት ገጽ ብቻ ነበረች፤ 50 ያህል ደንበኞችን ይዛ፣ ያለ ስልክ ቁጥር። በ1886 ሩበን ዶነሊ በቺካጎ ንግዶችን በየዘርፋቸው የለየ ማውጫ አሳተመ። «ቢጫ ገጾች» የሚባለው ልማድ ከዚህ አደገ። ዝርዝሩ በፊደል ተራ ስለነበር የድርጅታቸውን ስም በሦስት «ኤ» የሚጀምሩ ነጋዴዎች በረከቱ። ብልጠቱ ያኔም ነበር። ነገር ግን ማውጫው ላይ ማስታወቂያ ለማውጣት ነጋዴው ራሱ ይከፍላል፣ የሚጻፈውን ያውቃል።

ጉግል ይህን ገለበጠው። የካርታ አገልግሎቱ በ2005 ሲጀመር የንግዶቹ መረጃ ከየማውጫውና ከየድረ ገጹ ይሰበሰብ ነበር። ለባለቤቶች የተከፈተው ነፃ መቆጣጠሪያ በ2010፣ በ2014 እና በ2021 ስሙ ተቀያይሯል። መሠረቱ ግን ያው ነው፦ ባለቤቱ ቢያውቅም ባያውቅም ንግዱ ካርታው ላይ ሊኖር ይችላል። ማንም መንገደኛ «ይህ ቤት ተዘግቷል»፣ «ሰዓቱ ተቀይሯል» ብሎ እርማት ማቅረብ ይችላል።

ይህ የሚያስከትለውን በዋሽንግተን አቅራቢያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የነበረው ሰርቢያን ክራውን ምግብ ቤት አሳይቷል። 40 ዓመት ገደማ የሠራ ቤት ነው። በ2012 መጀመሪያ የቅዳሜና እሑድ ደንበኞቹ በድንገት ጠፉ። ባለቤቱ ከኢንተርኔት ጋር የማይተዋወቅ አዛውንት ስለነበሩ ምክንያቱ አልገባቸውም። አንድ የቆየ ደንበኛ ደውሎ «ለምን ቅዳሜ፣ እሑድና ሰኞ ትዘጋላችሁ?» ሲላቸው ነቁ። ካርታው እንደዚያ ይል ነበር። ቤቱ በ2013 ተዘጋ። ባለቤቱ ጉግልን ፍርድ ቤት አቆሙ፤ ኩባንያው ክሱ መሠረት የለውም ሲል መለሰ። ማን እንደቀየረው ግን የምግብ ቤቱ ደንበኞች ሊያውቁ አይችሉም ነበር። ያዩትን አምነው ወደ ሌላ ቤት ሄዱ።

ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። እዚህ አድራሻ ማለት «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከማደያው አለፍ ብሎ» ነው። ጉግል ደግሞ ለብዙ ዓመታት ባለቤትነትን የሚያረጋግጠው ወደ ሱቁ በር በሚላክ ፖስታ ካርድ ነበር። ደብዳቤው በፖስታ ሣጥን ለሚደርስበት አገር ይህ ትርጉም አልነበረውም። ብዙ ነጋዴ ቢተወው አይፈረድበትም።

ዛሬ ግን በቪዲዮ ማረጋገጥ ይቻላል። በሩን፣ የስም ሰሌዳውን፣ የውስጥ ዕቃውን በስልክ ቀርፆ መላክ ነው። ክፍያ የለውም። ከዚያ ሰዓቱን ማስተካከል፣ የቀድሞ ተከራይን ስልክ ማንሳት፣ በሁለት ዓይነት የላቲን አጻጻፍ ሁለት ቦታ የተመዘገበውን ስም አንድ ማድረግ፣ ለገና እና ለፋሲካ የሚዘጋበትን ቀን ማሳወቅ የባለቤቱ ፋንታ ይሆናል።

ለግድግዳ ቀለምና ለመብራት ሰሌዳ ገንዘቡን የሚያፈስ ነጋዴ ይህን በር ክፍት ጥሎት ያድራል። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። ካርታው ላይ ግን መናቅም አያስፈልግም፤ ባለቤት አለመኖሩ ብቻ ይበቃል። ስትሮውጀር ገበያውን ለማስመለስ አዲስ መሣሪያ መፍጠር ነበረበት። የዛሬው ነጋዴ የሚጠበቅበት «ይህ ቤት የእኔ ነው» ማለት ብቻ ነው።