የወሎ ሸኾች ቁርኣንን በአማርኛ እንዴት ይፈቱት ነበር?



በፔታህ ቲክቫ የምትኖሩ ሁሉ ከጎረቤት ከክፍር ቃሲም ከሚመጡ ሙስሊሞች ጋር በሥራም በሐኪም ቤትም ትገናኛላችሁ። የእነርሱ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ዐረብኛ ነው። ለመሆኑ በትውልድ አገራችን አማርኛ ብቻ የሚናገረው የወሎ ሙስሊም ቁርኣኑን እንዴት ይረዳው ነበር? የዛሬው ንግግራችን በዚህ ላይ ነው።

እንደሚታወቀው ቁርኣን የሚነበበው በዐረብኛ ነው። ትርጓሜው ተፍሲር ይባላል። በወሎ ተማሪው፣ ማለትም ደረሳው፣ መጀመሪያ ፊደሉን በእንጨት ሰሌዳ ላይ ይማራል። ከዚያም ቁርኣኑን አንብቦ ይጨርስና ሕጉንና የዐረብኛውን ሰዋስው ያጠናል። ተፍሲር የሚደረስበት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አንዱ ሸኽ በሕግ፣ ሌላው በሰዋስው ስመ ጥር ስለሆኑ ደረሳው ዕውቀት ፍለጋ ከአገር አገር በእግሩ ይዞራል።

ዋናው መማሪያ ተፍሲር አል-ጀላለይን የተባለው መጽሐፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1459 ያረፉት ጀላሉዲን አል-መሐሊ ጀመሩት፤ በ1505 ያረፉት ጀላሉዲን አስ-ሱዩጢ ፈጸሙት። ሁለቱም የግብፅ ሊቃውንት ናቸው። ይሁን እንጂ የግብፁ መጽሐፍ ለወሎው ደረሳ የሚገባው በሸኹ አንደበት ነው። ሐረጉ በዐረብኛ ይነበባል፤ ሸኹ ወዲያው በአማርኛ ይፈቱታል፤ ደረሳው ይይዘዋል። ይህ የአማርኛ ፍች በአብዛኛው ከአፍ ወደ ጆሮ የተላለፈ ነው።

ሊቃውንቱ ከውጭው ዓለም የተለዩ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1819 ያረፉት የዳውዌው ሙፍቲ ዳውድ የመን፣ ዘቢድ ድረስ ሄደው ተምረዋል። በካይሮው አል-አዝሐርም የጀበርቲዎች፣ ማለትም ከእኛ አገር የሚሄዱ ሙስሊሞች፣ የራሳቸው ማደሪያ ነበራቸው።

አፄ ዮሐንስ 4ኛ እ.ኤ.አ. ከ1878ቱ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሡ ባስገደዱ ጊዜ ትምህርቱ ትልቅ ፈተና ገጠመው። ከተቃወሙት አንዱ ሸኽ ጠልሐ ነበሩ። እርሳቸው በዐረብ ፊደል የተጻፈ የአማርኛ ግጥም እየደረሱ ሃይማኖቱን ለሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ አስተማሩ።

በመጨረሻም በ1961 ዓ.ም. የአማርኛው ቁርኣን አዲስ አበባ ላይ ታተመ። ተርጓሚዎቹ ሸኽ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ ናቸው። ቃሉን እያንዳንዱ አማርኛ አንባቢ በእጁ ሊይዘው ቻለ። ነገር ግን የሸኹ ማብራሪያ፣ ምሳሌውና የጥያቄው መልስ ሁሉ በመጽሐፍ ውስጥ አይገባም።

አንባብያን ሆይ፣ ይህ ነገር ለእኛም እንግዳ አይደለም። ቄሶቻችን ኦሪትን በግዕዝ አንብበው በአማርኛና በትግርኛ ይፈቱልን አልነበረምን? ዛሬ ልጆቻችን ኦሪትን በዕብራይስጥ ያነባሉ፤ ደስ ያሰኛል። የቄሶቹ ፍች ግን በዕብራይስጡ ውስጥ የለም፤ ያለው በሽማግሌዎቹ ልብ ነው። ስለዚህ በሰንበት ስትጠይቋቸው ቁጭ ብላችሁ አስተርጉሟቸው፤ በሌላ ቀን ደግሞ በስልካችሁ ድምፃቸውን ቅረጹ። የሄደ መምህር ተመልሶ አያስተምርም።