እንቅልፍ የነሳው ደንብ

ሊኑክስ የተጫነበት ላፕቶፕ ክዳኑ ተዘግቶ ቦርሳ ውስጥ ሲግልና ባትሪው ሲያልቅ፣ ወቀሳው ሁሉ በሊኑክስ ላይ ይወርዳል። ታሪኩ ግን ወደ ኋላ ይሄዳል።

ኤሲፒአይ የተባለውን የኃይል አስተዳደር ደንብ ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። በ1999 ቢል ጌትስ ለባልደረቦቻቸው በጻፉት ኢሜይል፣ ማይክሮሶፍት የለፋበት ሥራ ሊኑክስን ያለ ድካም እንዳይጠቅም፣ የደንቡን ተጨማሪዎች ለዊንዶውስ ብቻ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጠየቁ። ኢሜይሉ አደባባይ የወጣው በአሜሪካ አዮዋ ግዛት በተካሄደ የፍርድ ቤት ክርክር ነው።

ደንቡ ለሁሉም ክፍት ሆኖ ቀጠለ። አብዛኞቹ አምራቾች ግን ዕቃቸውን የሚፈትሹት በዊንዶውስ ነበር። ስለዚህ የላፕቶፑ ፈርምዌር «ማን ነህ?» ሲለው፣ ሊኑክስ እስከ ዛሬ «ዊንዶውስ ነኝ» ይላል። እውነቱን ቢናገር ማንም ያልፈተሸው መንገድ ይጠብቀዋልና።

ላፕቶፕ ለሚገዛ የሊኑክስ ተጠቃሚ ቀዳሚው ጥያቄ ይህ ነው፦ አምራቹ ዕቃውን በሊኑክስ ፈትሾታል ወይ?