«ከማን ላይ ቀራኸው?» — ስሙ የተዘለለው የቅጠል ተመራማሪ



አንድ ደረሳ «ይህን ኪታብ ቀርቼ ጨርሻለሁ» ሲል ሸይኾቻችን መጀመሪያ የሚጠይቁት «ከማን ላይ ቀራኸው?» ብለው ነው። በእኛ ዘንድ ዒልም ባለቤት አለው፣ ሰንሰለት አለው። ታላቁ ዓሊም ዐብዱላህ ኢብኑል ሙባረክ (ረሒመሁላህ) ኢስናድን ከዲን ቆጥረውታል። ዛሬ የማካፍላችሁ ታሪክ ከቤተ ሙከራ የመጣ ቢሆንም ጥያቄው ያው ነው።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል አንዓም 99ኛው አንቀጽ በአረንጓዴው ቡቃያና ከእርሱ በሚወጣው ፍሬ ላይ እንድናስተነትን ይጋብዘናል። ቅጠል በፀሐይ ብርሃን ኃይል፣ ከአየር የወሰደውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውሃ ጋር አድርጎ ወደ ስኳር ይለውጣል። ይህ ፎቶሲንተሲስ ይባላል። የምንበላው ጤፍም ስንዴም መነሻው ይኸው ነው። ካርቦኑ ስኳር እስኪሆን በየትኞቹ ደረጃዎች እንደሚያልፍ ግን እስከ 1940ዎቹ (እ.ኤ.አ) ድረስ የሚያውቅ አልነበረም።

በ1940 ሳም ሩበንና ማርቲን ካመን በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ በርክሌይ ካርቦን 14ን አገኙ። ይህ ጨረር የሚሰጥ የካርቦን ዓይነት ስለሆነ የት እንደደረሰ መከታተል ይቻላል። ሩበን በ1943 በቤተ ሙከራ አደጋ ሞተ፤ ሥራው ግን ሌላ ተረካቢ አገኘ። በ1946 አንድሪው ቤንሰን የተባለ ወጣት ኬሚስት እዚያው በርክሌይ፣ ፕሮፌሰር ሜልቪን ካልቪን የሚመሩትን ቡድን ተቀላቀለ።

ቤንሰን ክብና ጠፍጣፋ የመስታወት ዕቃ አዘጋጀ። ቅርጹ እንጨት ላይ የተሰካ ከረሜላ ስለሚመስል «ሎሊፖፕ» ተባለ። በውስጡ አረንጓዴ አልጌ ተደርጎ ብርሃን ይበራበታል፣ ካርቦን 14 ይጨመርበታል። ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ አልጌው ትኩስ አልኮል ውስጥ ይለቀቅና ሥራው ባለበት ይቆማል። ከዚያም የወጣው ጭማቂ በወረቀት ላይ ተለያይቶ ከኤክስሬይ ፊልም ጋር ይቀመጣል። ፊልሙ ላይ የሚታየው እያንዳንዱ ጥቁር ነጥብ ካርቦኑ የደረሰበት አንድ ውህድ ነው። ሰከንዶቹን እያሳጠሩ ሲሄዱ የመጀመሪያው ውህድ ሦስት ካርቦን ያለው እንደሆነ ታወቀ። ጄምስ ባሻምና ሌሎችም ለፍተውበት፣ በ1954 ሙሉ ዑደቱ በጽሑፍ ወጣ።

በዚያው ዓመት ቤንሰን ከቡድኑ ወጣ። እርሱ በኋላ እንደተናገረው፣ እንዲሄድ የነገሩት ካልቪን ናቸው። በ1961 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ለካልቪን ብቻ ተሰጠ። ዑደቱም በመማሪያ መጻሕፍት «የካልቪን ዑደት» ተባለ። በ1992 በታተመው የካልቪን ግለ ታሪክ ውስጥም የቤንሰን ስም የለም።

ፍትሐዊ እንሁን። ካልቪን ቡድኑን የመሩ፣ ብዙ ያሰቡና የደከሙ ሰው ናቸው። የልባቸውን አላህ ያውቃል። የእኛ ጉዳይ የተዘለለው ስም ነው።

ዛሬ የአንድ ተመራማሪ ተጽዕኖ የሚለካው ሥራው በሌሎች ጥናቶች ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ በመቁጠር ነው። ዩጂን ጋርፊልድ በ1964 ይህን የሚመዘግብ ማውጫ ማሳተም ጀመረ። ነገር ግን አንድ ግኝት ሁሉም የሚያውቀው ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ጽሑፍ የሚጠቅስ ሰው ይጠፋል። የሚቀረው የተለጠፈው ስም ብቻ ነው። ቁጥሩ የተጠቀሰውን ይቆጥራል እንጂ የተዘለለውን አይቆጥርም።

ታዲያ ቤንሰንን ምን አዳነው? በጥናቶቹ አናት ላይ የተጻፈው ስሙ! ጎቪንድጂ የተባሉትን ትውልደ ህንድ ሊቅ ጨምሮ ሌሎች ተመራማሪዎች ወደ ጥንቶቹ ጽሑፎች ተመልሰው ድርሻውን አስታወሱ። ዛሬ ብዙዎች «የካልቪን-ቤንሰን ዑደት» ይሉታል፤ ባሻምን የሚጨምሩም አሉ። ቤንሰን በ2015 በ97 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ ይህን ለማየት በቃ። ሰንሰለቱ ተጽፎ ባይቆይ ኖሮ ሐቁን ማን ይመልስለት ነበር?

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። የአንድን ኡስታዝ ደርስ ገልብጠን፣ ስሙን ቆርጠን በራሳችን ቻናል የምንለጥፍ ስንቶቻችን ነን? ጓደኛችን ሌሊቱን ሙሉ የሠራውን የቡድን ሥራ በስማችን የምናስረክብስ? አላህ በሱረቱ ኣሊ ዒምራን 188ኛው አንቀጽ ባልሠሩት መመስገን የሚወዱትን በብርቱ ያስጠነቅቃል። ዑለሞቻችንም ዒልምን ወደ ባለቤቱ ማስጠጋት ከዒልሙ በረካ ነው ይላሉ።

ስም መጥቀስ አንድ መስመር ብቻ ነው የሚወስደው። አማናነቱ ግን ከባድ ነው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁም፣ መድረሳ ያላችሁም፣ የምታካፍሉትን ከመልቀቃችሁ በፊት የሸይኾቹን ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይህን ከማን ላይ ቀራሁት?

አላህ የሰውን ሐቅ ከሚጠብቁት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።