የአሣሣል ስልት እንዴት ይወለዳል? ከፓሪስ ኢምፕሬሽኒስቶች እስከ ገብረ ክርስቶስ ደስታ
በጅጅጋ ለመምህራንና ለተማሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር



በአንድ ጥያቄ ልጀምር። አንድ ሠዓሊ ከሌላ አገር ጥበብ ሲማር «ተነሣሣ» የምንለው መቼ ነው? «ቀዳ» የምንለውስ መቼ ነው? የሥነ ጥበብ ታሪክ መጻሕፍት ለእነዚህ ሁለት ቃላት ሁልጊዜ እኩል ሚዛን አልያዙም። ፓሪሳዊው ከሩቅ አገር ሲበደር መነሣሣት፣ ኢትዮጵያዊው ሲበደር ኩረጃ ይባላል። ዛሬ ይህ ሚዛን የተዛባ መሆኑን በሁለት ታሪኮች ለማሳየት እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ19ኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ በፓሪስ የአንድ ሠዓሊ ዕጣ የሚወሰነው «ሳሎን» በሚባለው ታላቅ ዐውደ ርእይ ነበር። ዳኞቹ የሚወዱት ርእሱን ከጥንት ታሪክ፣ ከአፈ ታሪክ ወይም ከመጽሐፍ ቅዱስ የወሰደ፣ የቡሩሽ ምልክት የማይታይበት ልሙጥ ሥዕል ነው። በ1863 ውድቅ የተደረገው ሥራ እጅግ በመብዛቱ ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሦስተኛ የተጣሉት ሥዕሎች ለብቻቸው ለሕዝብ እንዲታዩ ፈቀደ። ከ11 ዓመት በኋላ፣ በኤፕሪል 1874፣ ሞኔ፣ ሬኑዋር፣ ፒሳሮ፣ ደጋ፣ ሲስሌ፣ ሴዛንና በርት ሞሪዞ የሚገኙባቸው 30 ያህል ሠዓልያን ዳኛ ሳይጠብቁ የራሳቸውን ዐውደ ርእይ ከፈቱ። ሉዊ ለሯ የተባለ ሐያሲ ሞኔ «ኢምፕሬሽን፣ የፀሐይ መውጣት» ብሎ በሰየመው ሥዕል አላገጠ፤ «ኢምፕሬሽኒስት» የሚለው ስም ከዚያ ፌዝ ተወለደ። ሠዓልያኑም ስድቡን ስማቸው አደረጉት።

ስልታቸው ግን ከእንቢታ ብቻ አልተገኘም። መጀመሪያ መሣሪያው ተለወጠ። በ1841 ጆን ጎፍ ራንድ የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ ቀለም በሚጨመቅ የቆርቆሮ ቱቦ የሚያዝበትን ዘዴ በፈጠራ መብት አስመዘገበ። ከዚያ በፊት ቀለም የሚያዘው በአሳማ ፊኛ ውስጥ ነበርና ቶሎ ይደርቅ፣ ለጉዞም ያስቸግር ነበር። ቱቦው ሠዓሊውን ከክፍሉ አወጣው፤ የባቡር ሐዲዱ ደግሞ ወደ ወንዝ ዳርና ወደ ገጠር አደረሰው። ውጭ የወጣ ሠዓሊ የሚሠራው ከፀሐይ ጋር እየተሽቀዳደመ ነው። ብርሃኑ ሳይለወጥ ለመድረስ ቡሩሹ ይፈጥናል፣ ምቱም አጭርና ግልጽ ይሆናል። ጥላ ጥቁር አለመሆኑ የታየውም በዚያው ነው፤ ውጭ ያለ ጥላ ሰማያዊ ነው፣ ሐምራዊ ነው፣ አጠገቡ ያለውንም ቀለም ይዋሳል።

ሁለተኛው ምንጭ የቀለም ሳይንስ ነው። ኬሚስቱ ሸቭረል በጎብላን የግድግዳ ምንጣፍ መሥሪያ የማቅለሚያውን ክፍል ይመራ ነበር። የጥቁሩ ክር ማቅለሚያ ደካማ ነው የሚል አቤቱታ ቀረበለት። መርምሮ ያገኘው ግን ጥፋቱ በማቅለሚያው እንዳልሆነ ነው፤ ጥቁሩን ያደበዘዘው አጠገቡ የተሸመነው ቀለም ነበር። ይህንን ሕግ በ1839 በመጽሐፍ አሳተመ። ሠዓልያን ብርቱካናማን ከሰማያዊ፣ ቀይን ከአረንጓዴ ጎን ለጎን በማስቀመጥ ሁለቱም እንዲደምቁ የሚያደርጉበት ዘዴ ከዚህ ዕውቀት ጋር የተያያዘ ነው። ልብ በሉ፤ የዚህ ዕውቀት መነሻ የሸማኔ ጥያቄ ነው።

ሦስተኛው ምንጭ የሌሎች ሕዝቦች ጥበብና ምድር ነው። ጃፓን በ1850ዎቹ ወደቦቿን ለምዕራባውያን ንግድ ከከፈተች በኋላ የሆኩሳይና የሂሮሺጌ የእንጨት ኅትመቶች ፓሪስ ገቡ። ጥላ የሌለው ሰፊ ቀለም፣ በጠርዝ ላይ ድንገት የሚቆረጥ ምስልና ከላይ ወደ ታች የሚመለከት ዕይታ ለደጋና ለሜሪ ካሳት አዲስ ትምህርት ሆኑ። ሞኔ ከ200 በላይ የጃፓን ኅትመቶችን ሰበሰበ። እርሱ በ1861 እና በ1862 በአልጄሪያ ወታደር ሆኖ አገልግሏል፤ በዚያ ያየው ብርሃንና ቀለም ለኋላ ፍለጋው ዘር እንደ ሆነለት በእርጅናው ተናግሯል። ሬኑዋርም በ1881 እና በ1882 ወደ አልጄሪያ ተጉዟል። አልጄሪያ ያኔ በፈረንሳይ ቅኝ አገዛዝ ሥር ነበረች። ኢምፕሬሽኒዝም እንግዲህ የጃፓንም፣ የሰሜን አፍሪካም ዕዳ አለበት። ሆኖም «ይህ ሥዕል ፈረንሳዊ አይደለም» ብሎ ሞኔን ከአገሩ ታሪክ የሚያወጣው የለም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ታሪክ፣ ወደ ጎረቤታችን ሐረር ልሻገር። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1932 በሐረር ተወለደ። አባቱ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ፤ የብራና መጻሕፍትን ያስጌጡም ነበር። ሐረር በአንድ በኩል ይህ የብራና ጥበብ፣ በሌላ በኩል ቁርኣን በጥንቃቄ የሚገለበጥበትና የሚያጌጥበት ረጅም ትውፊት፣ በየቤቱ ግድግዳም የቀለም ነዶ የመሰለ ስፌት የሚታይባት ከተማ ናት። እያንዳንዱ በሥዕሉ ላይ ተጽዕኖ አሳድሯል ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን ቀለም ያለ ምስል ሊናገር እንደሚችል ለማወቅ የሐረር ልጅ የግድ ወደ አውሮፓ መሄድ አያስፈልገውም።

እርሱ ግን ሄደ። በ1950ዎቹ መጨረሻ በጀርመን ኮሎኝ ከተማ ሥነ ጥበብ አጠና፤ ከኤክስፕሬሽኒስቶችና ከረቂቅ ሥዕል ጋር ተገናኘ። ኢምፕሬሽኒዝም በዚያን ጊዜ የሙዚየም ቅርስ ሆኖ ነበር። ስለዚህ የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥዕል የአውሮፓን ደረጃዎች አንድ በአንድ አልወጣም። የሚጥሰውም ሕግ የተለየ ነበር። የፓሪስ ወጣቶች ያመፁት ጥላና ጥልቀት በሚያስተምር አካዳሚ ላይ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ግን ቀድሞውኑ ሰፊና ደማቅ ቀለም፣ ጥቁር መስመርና መሬት ላይ የማይወድቅ ጥላ የነበረው ነው። ፓሪስ ከጃፓን የተማረችው ነገር በከፊል በእጃችን ነበር ማለት ነው።

ገብረ ክርስቶስ ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ፣ አለ ፈለገ ሰላም በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። በ1963 ሥራዎቹን ለሕዝብ ሲያሳይ ረቂቅ ሥዕል ለኢትዮጵያ ባዕድ ነው የሚል ክርክር ተነሣ። መልሱን በዚያው ዓመት በሣለው «ጎልጎታ» ውስጥ ማንበብ ይቻላል። ርእሱ ስቅለት ነው፤ ከዚህ የበለጠ በኢትዮጵያ ግድግዳ ላይ የኖረ ርእስ ማግኘት ያዳግታል። የተለወጠው አነጋገሩ ነው፤ ሕማሙን የሚሸከመው ከፊት ገጽታ ይልቅ ቀዩ ቀለም ነው። ባዕድ የተባለው ስልት ለአገሬው ጉዳይ መናገሪያ ሆነ። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበለ። ገጣሚም ስለ ነበር፣ ስለ አገር ናፍቆት የጻፈው ግጥም ዛሬም በብዙዎች አፍ ላይ አለ። ይሁን እንጂ በአብዮቱ ዘመን ተሰድዶ በ1981 በአሜሪካ፣ በኦክላሆማ ግዛት አረፈ። «ኢትዮጵያዊ ነህን?» ተብሎ በሥዕሉ የተጠየቀው ሰው ያረፈው አገሩን እየናፈቀ ነው።

ከሁለቱ ታሪኮች የምወስደው ፍርድ ይህ ነው። መበደር ሥራን ባዕድ አያደርገውም። መመዘን ያለበት ሠዓሊው የተበደረውን ምን አየበት፣ ምንስ ተናገረበት የሚለው ነው። የተማረውን ስልት በራሱ ምድር ላይ ሳይፈትን የሚደግም ሰው ቀድቷል፤ ፓሪሳዊም ይሁን ሐረሬ።

ይህ ነገር ለጅጅጋ ቅርብ ነው። የሶማሌ ሕዝብ በግጥሙ የታወቀ በመሆኑ «የእኛ ጥበብ ቃል እንጂ ሥዕል አይደለም» የሚል አስተያየት ይሰማል። ነገር ግን እናቶቻችን ለአቃሉ ምንጣፍ ሲሠሩ፣ የወተት ዕቃ ሲሰፉ፣ የትኛው ቀለም ከየትኛው ጎን እንደሚያምር ያውቃሉ፤ ሸቭረል በቤተ ሙከራ የጠየቀውን እነርሱ በጣታቸው መልሰውታል። ከካራማራ ሥር ያለው ሜዳም በማለዳና በቀትር አንድ ቀለም የለውም። ይህንን ዕውቀት ሳይመዘግቡ ማለፍ ለነገው ሠዓሊ ግማሹን ቋንቋ መንፈግ ነው።

ስለዚህ ተማሪዎቻችን ሞኔንም ገብረ ክርስቶስንም ያጥኑ፤ ከዚያ የአያቶቻቸውን የእጅ ሥራ በዚያው ትጋት፣ በስሙና በአሠራሩ ይመዝግቡ። ከሩቅ የሚበደር ሰው በቤቱ ያለውን ቢያውቅ ምን እንደሚጎድለውም ያውቃል።